ያልበረደኝ ውኃ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ዛሬም ከአስኮ ማዶ፣ ግድቡ ሥር በባዶ እግሬ ወንዙ ውስጥ ቆሜ ዋልኩ። ዓሣ ለማታለል መንጠቆ ላይ ከዶሮ ላባ በክር የጠመጠምኩትን የውሸት ዝንብ ደጋግሜ ብወረውር አንድም ዓሣ አልነካልኝም። ከግድቡ የሚለቀቀው ውኃ አጥንት ሰርስሮ ይገባ ነበር፤ ዛሬ ግን አልበረደኝም። ገና ጉልበት አለኝ ብዬ ኮራሁ። ስወጣ ጎረቤቴ ታደሰ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እግርዎ ደም በደም ሆኗል እኮ!»

«የዓሣ ደም ነው» አልኩት።

«ዓሣ መቼ ያዙና?»

ለካ ጠርሙስ ቆርጦኛል። ልጄ «ስኳር በሽታህ እግርህን ያደነዝዘዋል» ብላኝ ነበር። ብነግራት ወንዙን ትከለክለኛለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ሌላ መሄጃ የለኝም። አልነግራትም።

ቤት ገብቼ እግሬን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ሙቀቱም አልተሰማኝም።