የጥልፍ ማሽኔን አላውቅም ያለው ኮምፒውተር

ማክሰኞ፣ ጥር 19

በባሌ በደረጀ ላይ እንደ ዛሬ ጮኬ አላውቅም። ጠዋት ሽሮ ሜዳ ያለችውን የጥልፍ ሱቃችንን ከፍቼ ኮምፒውተሩን ሳበራው መልኩ ሌላ ሆኗል። ለካ ደረጀ ትናንት ሱቅ ከመዝጋቱ በፊት ሳይነግረኝ አፕዴት አድርጎታል። «አዲሱ በጣም ፈጣን ነው እኮ፤ ስታናግሪው ሁሉ ይሰማል» አለኝ ደስ ብሎት። እኔ የምፈልገው የሳልኩትን ጥልፍ ወደ ማሽኔ እንዲልክልኝ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ማሽኔን ጭራሽ አላውቀውም አለ። ገመዱን ስነቅል ስሰካ አረፈድኩ።

ኮምፒውተር ጠጋኙን አስጠራሁት።

«እህቴ፣ ማሽንሽ አርጅቷል። አዲሱ ሲስተም እንዲህ ያለውን አይቀበልም፤ ሌላ ብትገዢ ይሻላል» አለኝ።

አረጀ! ትናንት ሙሉ ቀን አንድ ክር ሳይበጥስ ሲጠልፍ የዋለ ማሽን!

«የድሮውን መልስልኝ» አልኩት።

«እመልሳለሁ፤ ግን እስከ ሐሙስ ተዪልኝ።»

ለአንዲት ሙሽራ የምጠልፈውን ቀሚስ እናቷ የሚወስዱት ነገ ነው። ደረቱ አልቋል፤ እጅጌውና ጠርዙ ግን ባዶ ነው። ልነግራቸው ስልኩን አነሳሁና አፍሬ መለስኩት። በቃ፣ መርፌ አውጥቼ በእጄ ጀመርኩ። በእጄ ከጠለፍኩ ስንት ዓመቴ! ጣቴን ሁለቴ ወጋሁት፤ ሁለቴም ደረጀን ስሙን ጠርቼ ሰደብኩት።

እሱ በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና መርፌ ላይ ክር እያስገባ ሲያቀብለኝ ዋለ። አንድ ጊዜ ብቻ «ጥሩ ያደረግኩ መስሎኝ ነው» አለ። መርፌውን ተቀበልኩት። አንደኛው እጅጌ አልቋል። እሱን ግን እስካሁን አላናገርኩትም።