ያበሰልኩት የኑግ ማር

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
መስከረም 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ውድ ወንድም ጋሼ ለገሠ፣

ስልክ ስለማታነሳ ነው የምጽፈው። ከሐምሌ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደደወልኩልህ ሚስቴ ብርቅነሽ ታውቃለች፤ እሷ እንኳን ሰልችቷት "ተወው እንግዲህ" ማለት ጀምራለች። አልተውኩም። አንተ ግትር ነህ፣ እኔም ያው የአንድ እናት ልጅ ነኝ። ትላንት ባለቤትህ መዓዛ አንስታ ቀፎዎችህን በሙሉ ለጎረቤት ልትሰጥ መሆንህን ስትነግረኝ ግን መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ ራሴን በቡጢ መምታት አማረኝ። ለመሆኑ ኑግ ሊያብብ ሲል ቀፎ የሚሰጥ ሰው አለ?

ጥፋቱ ከየት እንደጀመረ ልንገርህ፤ እባክህ ሳትቀደው አንብበው። ለልጄ ለሳራ ሰርግ የላክኸው ማር ሰኔ ላይ ደረሰኝ። ጀሪካኑን ስከፍተው ማሩ ረግቶ ድንጋይ ሆኗል። እዚህ ሱቅ የሚሸጠው ማር ዓመቱን ሙሉ ይፈስሳል። ሃያ ሁለት ዓመት እሱን ሳይ ኖሬ፣ ካንተ ጋር ማር ስቆርጥ ያደግሁት ሰውዬ፣ የኑግ ማር ቶሎ እንደሚረጋ ረሳሁት። ጀሪካኑን በቢላ ቀድጄ ማሩን እየፈነቀልኩ ድስት ውስጥ ከተትኩና ምድጃ ላይ ጣድኩት። ከታች የተጣበቀው አልለቅ ሲለኝ ከነጀሪካኑ ጋራዥ ወረወርኩት። ኤርፖርት የማደርሰው ተሳፋሪ ነበረኝ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጌ ሄድኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስመለስ ማሩ ይንተከተካል። እኔ ደግሞ ቀለጠልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ትኩሱን በጥብጬ ጌሾውን ጨመርኩበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ መልቀሙም አልሆነልኝ።

ጠጁ ሳይፈላ ቀረ። እዚህ የየሰርጉን ጠጅ የሚጥሉትን እትዬ ሮማነወርቅን ጠራኋቸው። ቀመሱት፣ ፊታቸውን አጨማደዱ። ማሩ ሲመጣ ረግቶ እንደነበር ስነግራቸው እንግዲያው ስኳር ገብቶበታል አሉኝ። እንዴት ቶሎ አመንካቸው ትለኛለህ። ጥፋቱ የኔ ከሚሆን ያንተ ቢሆን ስለቀለለኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። የሰርጉ ዕለት ፒዮሪያ ስትሪት አዳራሽ ውስጥ እንግዳ ሁሉ ጠጁስ የት አለ ሲለኝ፣ "ወንድሜ ማር ብሎ ስኳር ላከልኝ" እያልኩ አሳቅሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ወሬው አገር ቤት የገባው ሙሽሮቹ ሳይነሱ ነው።

ስደውልልህ የመለስክልኝ አንዲት ነገር ናት፤ "ወልዴ፣ እኔ ንብ እንጂ ስኳር አላረባም።" ከዚያ ዘጋህ። እዚያ ላይ ማፈር ነበረብኝ። ይልቅ ብሼ ማስረጃ ፍለጋ ወጣሁ።

አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ ኤርትራዊ ጓደኛ አለኝ፤ ልጁ ኣሪያም የምግብ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ድስቱ ውስጥ ከቀረው ማር ሰጠኋት። ውጤቱ በወረቀት መጣ። የማሩ እርጥበት ደህና ነው። ነገር ግን ማር ሲሞቅ ወይም የስኳር ሽሮፕ ሲገባበት የሚበዛ አንድ ነገር አለ፤ በኪሎ ከአርባ ሚሊግራም ማለፍ የሌለበት መቶ ሠላሳ ደርሷል። ንቧ ከአፏ የምትጨምርበት ኢንዛይምም ጠፍቷል። "ሞቆ ወይም ሽሮፕ ገብቶበት" ይላል ወረቀቱ። ዓይኔ "ሞቆ" የምትለዋን ዘለላት። ፎቶ አንስቼ በመዓዛ ስልክ ላኩልህ፤ "ይኸው" ብዬ። ከዚያ ወዲህ ነው ድምፅህን ያልሰማሁት።

ባለፈው ሳምንት ኣሪያም አስጠራችኝ። ነገሩ አልዋጥላት ብሎ ማሩን በማይክሮስኮፕ አይታዋለች። በኮምፒዩተሩ አሳየችኝ፤ ዙሪያውን እሾህ ያለው ክብ ክብ ነገር። የአበባ ዱቄት ነው፣ ከሱፍ አበባ ዘመድ የመጣ፣ ሽሮፕ ውስጥ እንዲህ አይገኝም አለችኝ። ወንድምህ አካባቢ እንዲህ ያለ ቢጫ አበባ አለ ወይ አለች። ኑግ፣ አልኩ።

"ጋሽ ወልደየስ፣ ሳምፕሉ በጣም ሂት ተደርጓል" አለች። "ማነው እንዲህ ያሞቀው?"

"እኔ ነኝ" አልኳት።

ያልሞቀ ካለ አምጣ ስትለኝ ጀሪካኑ ትዝ አለኝ። ታች የተጣበቀውን በማንኪያ ፍቄ ወሰድኩላት። ያ መቶ ሠላሳ የነበረው ስድስት ሆነ፣ ኢንዛይሙም ሙሉ ነው። ማርህ ማር ነበር፣ ወንድም ጋሼ፤ ጠጁን እንዳይፈላ ያደረገው የኔ እሳት ነው። ልኬን በላቦራቶሪ አወቅሁት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ሮማነወርቅና ሌሎቹም ባሉበት ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ። ምስጋና ጠብቄ ነበር መሰለኝ። እትዬ ግን፣ "ለእኛ ምን ትነግረናለህ? የሰውዬው ስም የጠፋው አገሩ ላይ ነው" አሉኝ። መዓዛም የሰፈር ልጆች "ባለ ስኳሩ" እያሉ እንደሚጠሩህ፣ ቀፎዎችህን የምትሰጠውም ለዚሁ እንደሆነ ነገረችኝ። በስልክ ይቅርታ ብጠይቅህ እንደማይበቃ የገባኝ ያኔ ነው።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለብቻህ አትያዘው። የላክሁት ሰው ለጊዮርጊስ ያደርስልሃል። ሰው ከቅጽሩ ሳይበተን መሪጌታ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ምድጃውንም፣ አዳራሹንም፣ አንዲት መስመር ሳይዘሉ። ይህችን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያንብቧት፦ የለገሠ ማር ንጹሕ ነበር፤ ያቃጠለው ታናሽ ወንድሙ ነው፣ የዋሸበትም እሱ ነው።

ይሳቁብኝ። ስቀው ሲጨርሱ አንተ ወደ ንቦችህ ሂድ።

ወንድምህ
ወልደየስ