የርግብ ክንፍ ያሉት ድምፅ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6፤ ከቀኑ 11፡30

እጄን ሦስቴ ታጠብኩ። ግሪሱ አልለቅ አለ። ገጽህን ካቆሸሽኩ ይቅር በለኝ፣ ማስታወሻዬ።

ዛሬም የጋሽ አንጁሎ መኪና። ከእንግዲህ ጋ.አ. ብዬ ነው የምጽፋቸው፤ ሰሞኑን ከሳቸው ሌላ የምጽፈው ስለጠፋ ቀለም ልቆጥብ። ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሩኝ። አባቴ ሲሞት ደብተር እየገዙ እስከ ኮሌጅ አደረሱኝ። አሁን ጡረተኛ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። መኪናዋ ባለ ቱርቦ፣ ቤንዚን፤ አዲስ አበባ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ገዟት። ሶዶ ውስጥ እህት የላትም።

ሕመሟ፦ ሜዳ ላይ ደህና። ዳገት ስታይ ትለግማለች። ከኮፈኑ ሥር ስስስ የሚል ድምፅ። ሦስት ጋራዥ ዞራለች። አንዱ ካንዴላ ቀየረ፣ አንዱ ፊልትሮ፣ አንዱ ቤንዚኑ ውሃ አለበት ብሎ ሸኛቸው። በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጡ፤ ቴክኒክ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ የማስተምረው «አዋቂ» ዘንድ። ቱርቦ የማስተምረው በጠመኔ ሥዬ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7፤ ከቀኑ 10፡00

አገኘሁት። ብቻዬን ስስቅ የጋ.አ. ዘበኛ ዞሮ አየኝ።

ለራሴም እንዳይጠፋኝ ልጻፈው። ቱርቦው አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ሹፌሩ ቤንዚን ሲለቅ፣ ማለትም እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሣ፣ የተጨመቀው አየር መሄጃ ያጣል። ያኔ አንዲት የጡጫ ግማሽ የምታህል ቫልቭ ተከፍታ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። በውስጧ ስስ ጎማ አለ። ወደ ቫልቯ የምትገባውን ቀጭን ቱቦ አፌ ላይ አድርጌ አየሩን ሳብኩ። ጎማው ደህና ቢሆን ምላሴን ይዞ ይቀር ነበር። አልያዘም። ዝም ብሎ ንፋስ። ተቀዷል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ያፈስሳል፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ጉልበት የለም።

ጋ.አ. ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በረንዳ ላይ ነበሩ። ደረቴን ነፍቼ አስረዳሁ። ዕቃው ሶዶ የለም፣ ሐዋሳም የለም፣ ከአ.አ. ተፈልጎ ቢገኝ ሁለት ሦስት ሳምንት። እስከዚያ ሰው የሚያደርገው ነገር የለም አልኩ። እንደ ፕሮፌሰር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ፊታቸው ጠቆረ። ልጃቸው አስቴር የምትኖረው ቤሌ ከተማ ነው፣ አስተማሪ፣ ነፍሰ ጡር። የመጀመሪያውን ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት በአምላክ ቸርነት ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። እዚህ ሶዶ፣ ኦቶና ሆስፒታል ሐኪሙ ሁለተኛውን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው ብሏታል። መኪናዋ የተገዛችው ለዚህ ነው፤ ኅዳር ሲገባ ወርደው ሊያመጧት። ከቤሌ ወደ ሶዶ ደግሞ መንገዱ ዳገት ነው።

ሽማግሌዎቹ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ግቢው መጥተን እንጸልይባታለን አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፤ ጠዋት 1፡15

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ፊታቸው እየመጣ። 12 ሰዓት ላይ ሄድኩ። ጋ.አ. ማለዳ ጸሎት ሄደዋል። ዘበኛው ከፈተልኝ።

ማስታወሻዬ፣ የሠራሁትን ለተማሪዎቼ እንዳትነግር። የአገራችንን ሕክምና ሰጠኋት፦ የሚያስቸግርህን ድፈነው። ቴርሞስታት ያስቸግራል? አውጥተህ ጣል። ቫልቭ ያፈስሳል? ድፈን። ከአሮጌ ካላማዳሪ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ክብ ቆርጬ፣ ከቆርቆሮ ጋር ደርቤ የቫልቯ አፍ ውስጥ ወተፍኩ፣ የቱቦ ማሰሪያውን ፋሼታ አጠበቅኩ። አሥር ደቂቃ። ፈተና ላይ እንዲህ ብሎ የመለሰን ተማሪ ዜሮ ነው የምሰጠው።

ዕቃው እስኪመጣ ብቻ ነው፤ በቀስታ እየነዱ። ዛሬ በምሳ ሰዓት እነግራቸዋለሁ። አሁን ወደ ካይዘን ሥልጠና መሮጥ አለብኝ፤ የቀረ ሰው ግምገማ ላይ ይነሣል ተብሏል።

ያው ቀን፤ ከሰዓት 8፡00

ዘገየሁ።

ምሳ ላይ ስልክ። ጋ.አ. ናቸው፣ እያለቀሱ። ሽማግሌዎቹ ኮፈኑ ላይ እጅ ጭነው ጸለዩ፤ ሞተር አስነሡ፤ ወደ ዳሞታ ተራራ በሚወጣው ዳገት ሞከሯት፤ በረረች። ዘበኛው ስልኩን ተቀብሎ፦ «መምህር፣ እሱ መኪና ዛሬ እንደ በሬ ሆነች» አለኝ። ማለዳ መምጣቴን አላነሣም። ወይ ረስቶታል፣ ወይ ምንም አልመሰለውም።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9፤ ከሰዓት 9፡00

ምስክርነት። ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ከባለቤቴ ከምሕረት ጋር። ጋ.አ. ቆሙ። ግማሹን በወላይትኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። መምህሩ ራሱ፣ የተማረው ሰው፣ ሰው የሚያደርገው ነገር የለም አለን፤ ሰው ሲያበቃ ጌታ ጀመረ አሉ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምስክር ሆኜ ቀረብኩ፣ ማስታወሻዬ፤ በራሴ አፍ።

ከዚያ ስለ ድምፁ ነገሩን። ማርሽ ሲቀይሩ፣ ቤንዚን ሲለቁ ከሞተሩ ፍርፍር የሚል ድምፅ ይሰማል። ድሮ አልነበረም። «የርግብ ክንፍ ነው» አሉ። እልልታ ሆነ። ያ ድምፅ ምን እንደሆነ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ለአንተ ልንገርህ እንጂ ለማን እነግራለሁ። መውጫውን ደፈንኩት። ሹፌሩ ቤንዚን ሲለቅ አየሩ መሄጃ የለውም፤ ተመልሶ የቱርቦውን የሚሽከረከሩ ምላሶች በጥፊ ይመታል። ፍርፍር የሚለው ያ ነው። በእያንዳንዱ ማርሽ አንድ ጥፊ። አንድ ቀን መሐል ዘንጉ ይላላል፣ ወይም ይሰበራል፣ ሞተሩ ዘይቱን ይጠጣና ይደርቃል። መቼ? በወር፣ በዓመት። ወይም አስቴር ኋላ ወንበር ላይ ተኝታ፣ ዳገቱ መሐል።

አ.አ. ሶማሌ ተራ ለሚሠራው የአጎቴ ልጅ ደወልኩ። ዕቃውን ፈልግ አልኩት፣ የትም ብትሆን።

ኮሌጅ ውስጥ የአንድ ለአምስት ስብሰባ። ስለ «ጥራት» የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። ሲያልቅ አንድ ባለ ወፍጮ በር ላይ ጠበቀኝ። ሞተሩ አልነሣ ብሎታል፤ ላሳይህ ወይስ በቀጥታ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ልሂድ ብሎ ጠየቀኝ። ናፍጣ አልቆበት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ እስቅበት ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ከአምልኮ በኋላ ጋ.አ.ን ለብቻቸው ያዝኩ። ኮፈኑን አንዴ ከፍቼ ልይልዎ፣ ለጥንቃቄ ያህል አልኩ። ሳቁ። ትከሻዬን ይዘው፦ «ልጄ፣ እግዚአብሔር የነካውን የመካኒክ ቁልፍ አይነካውም» አሉኝ። በዚያች ሰዓት መናገር እችል ነበር። ሰዎች መጡ። እጃቸውን ጨበጡ። ስለ ርግቧ ጠየቋቸው።

ልጅ ሆኜ ሒሳብ ስሳሳት ከሰሌዳው ላይ አይሰርዙብኝም ነበር። ራስህ ሰርዘው ይሉኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሸሸሁ። ራሴን ጠላሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19፤ ከቀኑ 11፡00

ዕቃው ደረሰ። በአውቶቡስ ሹፌር እጅ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። አዲስ ነው። በአፌ ሳብኩት፤ ምላሴን ያዘ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከመናኸሪያ ስመለስ መኪናዋ አለፈችኝ። ድምፁ ተለውጧል። ከፍርፍሩ በኋላ ቀጭን ፉጨት ተጨምሯል፣ የሚያሳክክ። ጋ.አ. በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ከኋላቸው ሰማያዊ ጭስ ነበር፤ ጥቂት፣ ግን ሰማያዊ። ዘይት ነው።

ምሕረት ጋዜጣውን ፈትታ አየችው። ምንድን ነው አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር አለች፤ ቀጠለችና፦ «የእግዚአብሔር ስም እንዳይሰደብ ነው ዝም ያልከው? ወይስ ያንተ?» ብላኝ ወጥ ልታማስል ገባች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

በራቸው ድረስ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቴም ተመለስኩ። አንዴ እንግዳ ነበራቸው። አንዴ ማንም አልነበረም።

ባለቤታቸው እትዬ ዘለቀች ትናንት ቤሌ ወርደዋል፣ አስቴርን ሊጠብቁ። ገና ሁለት ሳምንት አላት ይላሉ። ቅዳሜ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ቅዳሜ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22፤ ጠዋት 2፡10

ከቤሌ ተደወለ። አስቴር ምጥ ጀምሯታል። ያለ ቀኑ። ደምም ታያለች። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። የበዴሳ ገበያ ቀን ስለሆነ ሚኒባሱ ሁሉ ወደዚያ ሄዷል። ጋ.አ. ሊነሡ ነው። ምሕረት ናት የሰማችው፤ ዕቃውን በእጄ አስይዛ ገፋችኝ። እየሮጥኩ።

3፡25

ነገርኳቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ቆሜ፣ በሩ ላይ፣ መኪናዋ ሞተሯ እየሠራ። ቆርቆሮውን፣ ካላማዳሪውን፣ ሁሉንም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

ጋ.አ. ሞተሩን አጠፉ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከጸሎቱ በፊት ነው የደፈንከው?»

አዎ አልኩ።

«ሁለት እሑድ አጠገቤ ዘመርክ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ቁልፉን ሰጡኝ። ፍታው አሉ።

አርባ ደቂቃ ፈጀ። ውታፉን አወጣሁ፣ አዲሷን ቫልቭ አሰርኩ፣ ፋሼታ፣ ቀጭኗ ቱቦ፣ አለቀ። ለሁለት ሳምንት ያቃተኝ ሥራው አይደለም፤ ንግግሩ ነው። ግን ማኒኮቶውን፣ ወፍራሙን የአየር ቱቦ፣ ስነቅል ውስጡ ዘይት ነበር። ጣቴን አስገብቼ የቱርቦውን ዘንግ ነካሁት። ወዲያና ወዲህ ይላል። ማለት አልነበረበትም። ዕቃው አዲስ ነው፣ ጉዳቱ አሮጌ።

ይህንንም ነገርኳቸው። ወዲያው።

ትደርሳለች ወይ አሉኝ። መውረዱን ትችላለች፤ ለመመለሱ ዋስ አልሆንም አልኩ። ሌላ መኪና እንዳለ በስልክ ጠየቁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቦታ። የለም። የቤሌው አውቶቡስ ገና እኩለ ቀን ላይ ነው። ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። እንግዲያው አንተም ግባ አሉ።

3፡50

የፊት ወንበር ላይ ነኝ። ጉልበቴ ላይ ጽፌ ነው፣ ፊደሉ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ። አራት ሊትር ዘይት ጭኛለሁ። መሣሪያ ሳጥን። ምሕረት ንጹሕ አንሶላ ላከች። በቀስታ እንነዳለን፣ ዳገቱን ሳንጭን፤ ዘይቱን በየጥቂቱ እየቆምኩ አያለሁ። ከዚህ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ኮፈኑ ላይ እጅ ሊጭኑ ቀረቡ። ጋ.አ. ከለከሏቸው። የከፋቸው መስሎኝ ነበር። አይደለም።

«ዛሬ እሱ ይጸልይ» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «ምን እንደሚለመን የሚያውቅ እሱ ነው።»

ከዚያ ለአስቴር ብርድ ልብስ ሊያመጡ ገቡ። ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። ዘበኛውም። እየጠበቁኝ ነው። ቃል እፈልጋለሁ። የሚመጣልኝ የዘይት ልክ፣ የዘንጉ መወዛወዝ፣ የዳገቱ ርዝመት። በዚህ አፍ እንዴት

መጡ። ጋ.አ. በሩን ከፈቱ። እጃቸውን ዘርግተው እጄን ይዘው ወደ ኮፈኑ