ስለ አዲሱ የመስክ መኪና ውበትና ስለ ጎበዜ አራት ጎማዎች

በቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ እንዲለጠፍ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ
አዋሳ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ሸዋንግዛው፣
የመሥሪያ ቤታችን የጠቅላላ አገልግሎትና የትራንስፖርት ኃላፊ፤

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ አንገትዎስ እንዴት ነው? አንገትዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለመጋረጃው አዲስ መኪና ከመጣ ወዲህ ዋርካው ሥር ወደምንቀመጠው ጡረተኞች መዞር እንዳቃተው ስላየን፣ ጅማት ዞሮበት እንዳይሆን ሰግተን ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የመሥሪያ ቤቱን መኪና መሪ የጨበጥኩት ባህሩ፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነችው የልጅ ልጄ ብርቅዬ ናት። ወደ እሷ እመጣለሁ፤ ሽማግሌ መኪና ሳያማ ወደ ቁም ነገር አይደርስምና ጥቂት ይታገሡኝ።

እንደሚያውቁት እኔ፣ ላሜራ ቀጥቃጩ ጠሀና የመለዋወጫ መጋዘኑ ታምሩ የመኪና ድምፅ ስንሰማ ምሳችንን ትተን የምንወጣ ሰዎች ነን። ትልቁ የመስክ መኪና መልኩን ቀይሮ መጣ በተባለ ዕለትም ዋርካው ሥር ሸንጎ ተቀምጠን ያገኘነውን አስተያየት በታላቅ ትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ፊቱ። የድሮው፣ እኛ ጎበዜ እያልን የምንጠራው፣ ሁለት ክብ ዓይኖች ነበሩት። የአዲሱ አራት ማዕዘን ሆነዋል። ጠሀ ሁለት ጊዜ ዞሮ መረመረውና «ይኼማ ቁም ሣጥን ነው! አስተያየቱን እዩት፣ መታወቂያ አምጡ የሚል ይመስላል» አለ። ታምሩ ጴንጤ ስለሆነ ሰውም መኪናም አያማም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። እኔ ግን ተከራከርኩለት። መሪው በአንድ ጣት ይዞራል ሲሉኝ በዚህ ዕድሜዬ ልቤ እንደ ኮረዳ ልብ ደነገጠ። ይህንን የምናገረው ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

2ኛ/ ስለ ወንበሩ። የጎበዜ ወንበሮች ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች ነበሩ፤ ወደ ላይ ሲታጠፉ ወለሉ ቃሬዛ ይችላል። የአዲሱ ግን ሁሉም ወደፊት ብቻ ያያሉ፤ ወደኋላ ማየት ከዘመኑ ጋር ስለማይሄድ አሠራሩን ከልብ እናደንቃለን። ብቻ ጠሀ በሜትር ሲለካው ከወንበሩ ኋላ ያለው ቦታ አንድ ሜትር ከስንዝር ነው፤ የጤና ጣቢያው ቃሬዛ ደግሞ ሁለት ሜትር። የቀረውን የበሽተኛ እግር የት እንደምናስቀምጠው መመሪያ ቢሰጡን ደስ ይለናል።

3ኛ/ ስለ ምንጣፉ። ምንጣፉ እጅግ ያማረ ነው፤ ከእኔ ጋቢ ይሞቃል። ሾፌርዎን ግዛቸውን መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቃሬዛው ባይገባ እንኳ ልጅቱን ወንበሩ ላይ አጋድመን ብንወስዳትስ ብዬ ብለምነው መሬት መሬት እያየ፣ «ጋሼ ባህሩ፣ በጫማም አይገባበትም እኮ! ደም ቢነካው እኔም ልጆቼም አለቀልን» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ምንጣፍ ከሰው በላይ እንዳይሆን የመጠበቅ ኃላፊነት የሾፌር አይደለምና።

እነሆ ብርቅዬ ዘንድ ደረስን። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ደም እየታያት ነው። ሲስተር ሙሉጌጥ መርምራት ስትወጣ ፊቷን ዓይቼ ገባኝ። የእንግዴ ልጁ ከሕፃኑ ቀድሞ በሩን ዘግቷል አለችኝ። «አባባ፣ ምጡን እንዳትጠብቁ። በዚህ ሳምንት በጀርባዋ ተኝታ ሻሸመኔ ሆስፒታል ትድረስ፤ ቁጭ ብላ ከተንገጫገጨች ሁለቱንም እናጣለን።» አውቶቡሱን ጠየቅሁ፤ ተኝቶ መሄድ የሚቻለው ጣሪያው ላይ ከፍየሎቹ ጋር ነው። ባለታክሲው የቤንዚን ኩፖኑ አልቋል። ጤና ጣቢያው የራሱ መኪና ኖሮት አያውቅም፤ ለአሥራ አምስት ዓመት መኪናው ጎበዜ ነበር። ጓድ፣ እኔ ቀልድ አጥቼ አላውቅም፤ ሰሞኑን ግን እያለቀብኝ ነው።

4ኛ/ ስለ ጎማዎቹ። ጎበዜ ዛሬ ከጋራዡ ጀርባ በድንጋይ ላይ ቆሟል። አራቱ ጎማዎች ከነብረት ቸርኬያቸው ተፈትተው፣ ኖራ ተቀብተው፣ ለአብዮት በዓል ከቢሮዎ ደጃፍ ለአበባ መደቡ አጥር እንዲሆኑ እስከ ወገባቸው ተቀብረዋል። ውበታቸው አይካድም። ሻሸመኔ የሚያውቁ ጎማዎች ጽጌረዳ ሲጠብቁ ማየት እንደ እኔ ላለ ጡረተኛ መጽናኛ ነው።

እዚህ ላይ ግለሂስ አለብኝ። አዲሱን መኪና በጭብጨባ በተቀበልንበት ስብሰባ፣ አሮጌው ከአገልግሎት ይውጣ የሚለው ውሳኔ ሲነበብ እኔ አልሰማሁም። ግቢው ውስጥ ከቆመው ከአዲሱ መኪና ሥር ተንጋልዬ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ እያየሁ ነበር። ሰው እጁን ሲያነሣ አየሁና፣ ለምስጋና መስሎኝ፣ ከመኪናው ሥር እንደተኛሁ የእኔንም አወጣሁ። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ» ይላል። እውነት ነው፤ ሙሉ ያደረገው ግሪስ የነካው የእኔ እጅ ነው። የልጅ ልጄን ቃሬዛ በገዛ እጄ ከመንገድ እንዳወረድኩ ያወቅሁት ሰኞ ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ እጅ እንጀራ መቁረስ ከብዶኛል።

ስለዚህ እጄን መልሼ አውርጃለሁ፤ ይመዝገብልኝ። የምለምነው ትንሽ ነው፦ አራቱ ጎማዎች ለአንድ ቀን ከአበባው ሥራ ፈቃድ ይሰጣቸው። ጠሀ በአካፋ ያወጣቸዋል፤ ነፋሳቸው እንዳለ በእግሩ መትቶ አረጋግጧል። ታምሩ ባትሪ አግኝቷል፤ ከየት ብለው አይጠይቁት፣ መዋሸት አይችልም። የምነዳው እኔ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት ሄደን ስንመለስ ጎማዎቹን አጥበን፣ ኖራ ቀብተን፣ በየጉድጓዳቸው እንመልሳለን። ጽጌረዳዎቹን በግሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፈቃድዎ ካልደረሰን ሦስታችን ሽማግሎች ቃሬዛውን ተሸክመን በእግራችን እንነሣለን፤ መንገዱ በቢሮዎ በኩል ስለሆነ ለዚያች ሰዓት የመስኮትዎን መጋረጃ ቢዘጉት ይሻላል።

መሪ በጨበጠ፣ ውሳኔውን ሳይሰማ ግን ለእርስዎ በተነሣ እጄ ፈርሜ፣ ለአዲሱ መኪናዎ ረጅም ዕድሜን ለብርቅዬ ደግሞ አንዲት ሐሙስን እየተመኘሁ፣

ባህሩ ኃይለሚካኤል
ጡረተኛ ሾፌር

ማሳሰቢያ፦ ቢረሱት አልፈርድብዎም፤ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ገና ተራ ጸሐፊ ሳሉ፣ ባለቤትዎን ወይዘሮ ብርሃነሽን ይዘን ወደ ሻሸመኔ ስንበር የበኩር ልጅዎ ጥቁር ውሃ ድልድይ ላይ፣ በጎበዜ ወለል ላይ ተወለደች። ወለሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ጫማዎን በእጅዎ ይዘው ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ያን ዕለት የመኪናው መብራት ክብ ይሁን አራት ማዕዘን አልጠየቁኝም። ከአዋሳ እስከ ድልድዩ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር ሲደጋግሙልኝ የነበረው፤ እኔም ዛሬ እሱኑ መልሼ ልጠይቅዎ፦ ጓድ፣ ይደርሳል?