ሳይታረድ የሚበላ

መካነ ሰላም
ጥር 25 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለየዓለምዘርፍ
ኦዴሳ

የዓለምዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ተናደድኩ። «የባሕር ጥናቱን ትቼ ወደ ሕክምና ልዛወር፤ ሐኪም ከሆንኩ እናንተ አጠገብ ይመድቡኛል» ማለት ምን ማለት ነው? እጅሽን ይዤ ባሕር ያወረድኩሽ ለዚህ ነው?

ምጽዋ ትዝ ይልሻል? ባሕሩ ከዳርቻው ሲሸሽ፣ የባሕር ፍጥረታትን ላሳያቸው ተማሪዎቼን አስከትዬ ስወርድ፣ ጫማሽን አንጠልጥለሽ ከፊት ትቀድሚ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ሆነሽ ጎልማሶቹን «ያነሣችሁትን ድንጋይ መልሱ! ከሥሩ የሚኖሩ አሉ» እያልሽ ትቆጪያቸው ነበር። ይቺ ትተካኛለች ያልኩት ያኔ ነው። በኋላ ጦርነቱ ትምህርት ቤታችንን አዘግቶ ወደ ትውልድ አገሬ ሲመድቡኝ፣ ባሕር አይተው ለማያውቁ ለዚህ ለእኛ ቦረና ልጆች ምን ላስተምር ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ትናንት ጀብሪልና ካሳ የሚባሉ ተማሪዎቼ ከወንዝ ዓሣ አጥምደው አመጡ። በምን እንደሚተነፍስ ከፍቼ አሳየኋቸውና ሣሉ አልኳቸው። አንዱም በትክክል አልሣለም፤ ሁሉንም እንደገና አስጀመርኳቸው። ሲጨርሱ የተረፉትን ዓሦች ግቢው ውስጥ ጠበስን። ይሄኔ ሁሉም እጃቸውን ሰበሰቡ። እዚህ ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን፣ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይቀምስ ታውቂያለሽ።

«የማን ሥጋ ነው?» አለ ካሳ።

«ዓሣ መች ይታረዳል? ለእኛ እንዲሁ ሐላል ነው» አለ ጀብሪል።

«እንግዲያ የማንም አይደለማ!»

«የማንም ካልሆነ ትልቁ የእኔ ነው። ያጠመድኩት እኔ!»

«አንተ ወንዙ ውስጥ ወደቅህ እንጂ ምን አጠመድክ? እኔ ነኝ አንተን ያጠመድኩህ!» አለው ካሳ።

ከአንድ ትሪ እየተሻሙ በሉ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ልጆቹ ሥጋ አብረው ሲበሉ አላየሁም። ቆሜ ሳያቸው የምጽዋው ዳርቻ ላይ ያለሁ መሰለኝ፤ አንቺን ብቻ አጣሁ። አንቺ ደግሞ ይህንን ትምህርት ልትጥዪው!

እናትሽ ካሰች «ሐኪም ትሁን፣ ትምጣልኝ ብለህ ጻፍ» ብላኛለች። ይኸው ጻፍኩ፤ ቃሉ የእሷ ነው። የእኔ ቃል ሌላ ነው፦ የዝውውሩን ወረቀት እንዳትፈርሚ። ፈርመሽም ከሆነ ሄደሽ አሰርዢ። አንሰርዝም ካሉሽ መቆጣቴ አይቀርም። ለማንኛውም አዲሱን ጤና ጣቢያ የሠሩት ከቤታችን ዝቅ ብሎ ነው። በእግር ይደረሳል፤ ምሳሽንም ቤት ትበያለሽ።

የማርያም ልጅ በሄድሽበት ይከተልሽ። ከብርዱም ተጠንቀቂ።

አባትሽ
ተረፈ አካሉ