በካርቶን ውስጥ ስለቀሩት የሰባተኛ ክፍል መልመጃዎች

ቀን፦ ጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መቐለ

ጉዳዩ፦ ልጄ ሠርታ ያስረከበችው መልመጃ ሳይታይ ክፍል እንድትደግም የተሰጠው ውሳኔ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ስሜ ሰርካዲስ ጣሰው ይባላል። በትንሽ ሱቅ ሽሮ፣ ጨውና በርበሬ እቸረችራለሁ። ትግርኛ ስናገር ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ስጽፍ ግን እጄ የሚታዘዝልኝ በአማርኛ ስለሆነ በዚሁ አቅርቤያለሁ። ልጄ ዳግማዊት ወልደጊዮርጊስ በ2012 የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የትምህርት ቤቱን ስም ከዚህ ጋር ባያያዝኩት ወረቀት ማህተም ላይ ያገኙታል።

1. መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ፣ ልጆቹ በቴሌግራም እንዲማሩ ታዘዘ። በቤታችን ያለው ስልክ ከመደወልና ባትሪ ከማብራት ሌላ ሥራ አያውቅም። እንደኛ ያሉ ወላጆች ብዙ ስለሆንን ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ በየዓርቡ የመልመጃ ወረቀት ከበር ላይ እንድንወስድ፣ የተሠራውንም በሚቀጥለው ዓርብ እንድንመልስ ተደረገ። ልጄ ዘጠኝ ሳምንት አንድም ሳታጓድል ሠርታለች። አመላላሿ እኔ ነበርኩ። የግቢው ዘበኛ አቶ ሠረቀብርሃን በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቀኑን በእርሳስ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ካርቶን ውስጥ ይጨምሩት ነበር።

2. ወረቀት በሽታ ያስተላልፋል ተብሎ ስለተፈራ፣ መምህራን ከመንካታቸው በፊት ካርቶኑ ዐሥራ አራት ቀን እንዲቀመጥ ተወሰነ። ጥንቃቄውን አልነቅፍም። የምነቅፈው ካርቶኑ አንድ ብቻ መሆኑን ነው። በየሰባት ቀኑ አዲስ ወረቀት ይጨመርበታል፤ በተጨመረ ቁጥር ዐሥራ አራቱ ቀን እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ዘበኛውን መቼ እንደሚከፈት ብጠይቃቸው በልጄ እናትነት ጠርተውኝ «ኣደ ዳግማዊት፣ እኔ መቁጠር እንጂ መክፈት አልታዘዝኩም» አሉኝ። በዚያ ግቢ የታዘዘውን በትክክል የፈጸመ ሰው እርሳቸው ብቻ ይመስሉኛል። ሁለተኛ ካርቶን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ዲግሪ አይጠይቅም። ቢነግሩኝ የብስኩት ካርቶን ከሱቄ በነፃ እሰጣቸው ነበር። እንዲሁ እንደተቆጠረ ክረምት ገባ፤ ካርቶኑን የከፈተ መምህር አልነበረም።

3. መስከረም 14 ቀን ለስምንተኛ ክፍል ላስመዘግባት ስሄድ፣ የምዝገባ ኮሚቴው ሰብሳቢ መምህር ማቲያስ «የርቀት ትምህርቷን አልተከታተለችም፤ ሰባተኛን ትድገም» አሉ። ዘጠኙን ሳምንት ብነግራቸው «ኣደይ፣ መዝገብ አይዋሽም» ብለው መለሱልኝ። መዝገቡን አየሁት። በእርግጥ አይዋሽም፤ ምንም አልተጻፈበትም።

4. ከስድስት ቀን በኋላ ጨው ልጠቀልል ያነሣሁት ወረቀት የልጄ የእጅ ጽሑፍ ሆኖ አገኘሁት። ለመጠቅለያ የሚሆነኝን አሮጌ ወረቀት ከሰሜን በኩል የሚመጣ አዟሪ በኪሎ ያቀርብልኛል። ስጠይቀው ነሐሴ ላይ የትምህርት ቤቱ ክፍሎች ሲጸዱ ከነካርቶኑ እንደሸጡለት ነገረኝ። ሱቁን ዘግቼ ክምሩን እስከ ታች አገላበጥኩ። የዳግማዊትን ሰባት አገኘሁ፤ የሌሎች ልጆች ደግሞ ከመቶ በላይ ነው። የጎደሉትን ሁለቱን ሳላይ ጠቅልዬባቸው ለደንበኛ ሰጥቼ ይሆናል። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። በዚህ ጉዳይ ጥፋቱን ያመነ ሰው እስካሁን እኔ ብቻ ነኝ።

5. ከሰባቱ አንዱን ይዤ መምህር ማቲያስ ዘንድ ተመለስኩ። እርሳቸው ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ፊቴ ላይ እያወሩ፣ ወረቀቱን ግን ፈርተው ሳኒታይዘር ረጩበት። የልጄ መልስ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ስለነበር ዐይኔ እያየ ፈሰሰ። ከዚያ «አሁን ይኼ ምኑ ይነበባል?» አሉኝ። የዘበኛ ፊርማ ማስረጃ እንደማይሆን፣ ባለሱቅ ወረቀት ከየትም እንደምታመጣ አስረዱኝ፤ ሲሸኙኝም ሽሮዬን ብሸጥ እንደሚሻለኝ መከሩኝ። ምክራቸውን ተቀብዬ እየሸጥኩ ነው። እኔ ዘንድ ግን ሳይመዘን «ጎደለ» የሚባል ዕቃ የለም።

6. እኔ ተማሪ ሆኜ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት፣ ማንበብም የለመድኩት ከመጠቅለያ ወረቀት ነው። አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍም የተማርኩት ከዚያው ነው፤ የብዙ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ በእጄ አልፏልና። «ገቢ ሆኗል» የሚል ማህተም አለበት፣ ቁጥር አለበት፣ መልስ የለበትም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የት ሊደርስ እንደሚችል ከእርስዎ ጸሐፊ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። የጻፍኩት ግን ምዝገባው ጥቅምት 20 ስለሚዘጋ ነው። ዳግማዊት «ሰባተኛን ሁለት ጊዜ ከምማር ጨው ልመዝን» ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእኔ ጋር ሱቅ ቆማለች። በደንብ ትመዝናለች፤ ደንበኛም ወዷታል። የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው፦

ሀ. የልጄን ስድስት ወረቀቶች የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ ሱቄ መጥቶ ፊት ለፊቴ እንዲመለከታቸው። ዋናዎቹን ለማንም አላስረክብም፤ ሮማናት አደባባይ ወርጄ ኮፒ አስደርጌ አያይዣለሁ። የፈሰሰውን ወረቀት ግን ዋናውን ልኬአለሁ፤ ከዚህ በላይ ሊበላሽ አይችልም። ማህተሙና በእርሳስ የተጻፈው ቀን አሁንም ይታያል።

ለ. ምዝገባው ሳይዘጋ ልጄ ስምንተኛ ክፍል እንድትገባ እንዲታዘዝልኝ። የሚጠራጠር ካለ ዛሬውኑ አስቀምጦ ይፈትናት፤ ትመጣለች።

ሐ. ወረቀታቸው እኔ ዘንድ የተገኘው የሠላሳ አንድ ልጆች ስም ተያይዟል። ከነሱም ድገሙ የተባሉ ካሉ እንዲጠሩ። ጨው አልጠቀልልባቸውም፤ ባለቤት እስኪመጣ ለይቼ አስቀምጫቸዋለሁ።

ይህ ሁሉ ከጽሕፈት ቤቱ አቅም በላይ ከሆነ፣ ቢያንስ መልመጃው ይታረም። ወረቀቶቹን ሳሳያት ዳግማዊት የሦስተኛውን ሳምንት ወረቀት አንሥታ፣ ሁለት ጊዜ ሰርዛ የጻፈችውን አራተኛ ጥያቄ አሳየችኝና ትክክል መሆኑን ጠየቀችኝ። እኔ አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ደመወዝ እየበላ ከሆነ፣ መጥቶ ይንገራት።

የመምጫችሁን ቀን በአክብሮት እጠብቃለሁ፣
ከሰላምታ ጋር

ሰርካዲስ ጣሰው
(ፊርማ)

አባሪ፦ አንድ ዋና ወረቀት፣ ስድስት ኮፒ፣ የሠላሳ አንድ ተማሪዎች ስም ዝርዝር