የወንድምህ ቱቦ

አስራቴ፣

ካጠገቤ ከተነሳህ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ቦንጋ እንደምታውቃት ናት፤ ዝናቡ አበቃ ሲሉት ይጀምራል። ሜሮን ሺሺንዳ ማስተማሯን ቀጥላለች፤ ዓርብ ዓርብ ትመጣና እሑድ ትመለሳለች። ልጃችን ክፉ አልነካትም። እኔም ጤናዬ ደህና ነው። የምጽፍልህ ግን ጤናዬን ለመንገር አይደለም። ሲያንገበግበኝ የከረመ ነገር አለ፤ ለሌላ ሰው ስነግረው "ተይው እንግዲህ" ይለኛል። አንተ ተይው አትለኝም ነበር።

ነገሩ ስለ ሽንት ቤታችን ነው። አትሳቅብኝ።

ሽታው የጀመረው ከአርባህ በኋላ ነው። መጀመሪያ የዝናቡ እርጥበት ነው አልኩ። ቀጥሎ የሞተ አይጥ መስሎኝ ቁም ሳጥኑን ሳይቀር አስነስቼ ፈለግኩ። ምንም የለም። ሽታው ግን ትራሴ ውስጥ ገባ፣ ነጠላዬ ውስጥ ገባ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የቆመችው ሴት አፍንጫዋን ሸፍና ፈንጠር አለች። ማን እንደሸተታት ለማየት ዞር ዞር አልኩ። ለካስ እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ቤቴ ገብቼ ቆዳዬ እስኪቀላ ታጠብኩ።

ለገና መዳረሻ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና አስመጣሁ። ከሌላ ከተማ ስለሚመጣ ተራ መጠበቅ ነበረብን። መጥቶ ጉድጓዱን ባዶ አድርጎ ሄደ፤ ተገላገልኩ አልኩ። አንተ እያለህ ከነእንግዳው፣ ከነዘመዱ ዓመታት የሚቆየው ጉድጓድ ሁዳዴ ሳይጋመስ ሞላ። በቤቱ ውስጥ ያለነው እኮ እኔና ዓርብን ጠብቃ የምትመጣ ልጅህ ብቻ ነን።

ሞልቶ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። ሜሮን ገላዋን ልትታጠብ ገብታ ጮኸች። ሮጬ ስደርስ ከመታጠቢያው ወለል ቀዳዳ ጥቁር ውሃ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ ልጅህ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውስጡ ቆማለች። ላዩ ላይ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል። በመጥረጊያ ብነካው ተጣበቀ። ሞራ ነው! አስራቴ፣ የረጋ የከብት ሞራ! ከቅበላ ወዲህ በቤታችን ቅቤ እንኳ አልቀለጠም። ከሞራው ጋር የዶሮ ላባ ተለጥፏል። ሜሮን በሩ ላይ አስመለሳት። እኔም ምግብ ባየሁ ቁጥር ቋቅ ይለኝ ጀመር፤ ጾሙ ሳይሆን ጥየፋው ነው ያከሳኝ።

ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። ክረምቱ በወጣ ቁጥር ክዳኑን ከፍተህ፣ ረጅም እንጨት ሰደህ የዝቃጩን ውፍረት ስትለካ፤ እኔ ደግሞ "አንተ ሰው፣ ጎረቤት ምን ይለናል!" እያልኩ ስቆጣ። "ጉድጓድ እንደ ሆድ ነው፤ ያልፈጨውን ይመልሳል" ትለኝ ነበር። ድስት ሳላጥብ በፊት ቅባቱን በወረቀት መጥረግ ያስለመድከኝ አንተ ነህ። በማጠቢያው ዘይት ስደፋ ካየኸኝማ እስከ ማታ ታኮርፋለህ። ክዳኑ ሲከፈት አንገታችንን እንዳናስገባ፣ እሳት እንዳናስጠጋ ስትነግረን ሜሮን ትስቅብህ ነበር። አሁን እኔ ጠጋ ስል "እማዬ፣ ራቂ! ጋዙ ይገድላል" ብላ የምትጮህብኝ እሷ ሆናለች። ቁጣዋ ቁርጥ አንተን ነው።

እንዳሳየኸኝ አደረግኩ። ከቆጣሪው ጀምሬ ውሃውን ዘጋሁ። ከቤት ወደ ጉድጓዱ በሚወርደው ቱቦ ላይ የሠራሃትን ትንሽ የሲሚንቶ ሳጥን ከፈትን። በቤታችን ጠብታ ውሃ የለም፤ በሳጥኗ ውስጥ ግን ውሃ ይወርዳል። ሞቅ ያለ፣ አረፋና ቢጫ ቅባት የተቀላቀለበት እጣቢ። የምሳ ሰዓት ነበር። ከአጥሩ ማዶ፣ ከወንድምህ ከኃይሌ ግቢ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል። ፊት ለፊቱን ለምግብ ቤት አከራይቶታል፤ አንተ ካለፍክ በኋላ ነው፣ አላየኸውም።

እኔና ሜሮን ተያየን።

ቆፋሪ ጠርተን ቱቦውን እየተከተልን አስቆፈርን። በመኝታ ቤታችን ግድግዳ ሥር ተገኘ። ኃይሌ ያንተን ቱቦ በመዶሻ ሰብሮ የራሱን ሰክቶበታል፤ መጋጠሚያውን በፌስታል ጠቅልሎታል። በፌስታል! የወረደው ግማሹ ወደ ጉድጓዳችን ይሄዳል፣ ግማሹን በአልጋችን ሥር ያለው አፈር ይጠጣዋል። አፈሩ እንደ ገንፎ ላቁጧል፤ ትሉ ይርመሰመሳል። ያን ሁሉ ወር እኔ እዚያ ላይ ተኝቼ ነው ላንተ ሳለቅስ የከረምኩት።

ቱቦው መቼ እንደተቀበረ የገባኝ የሚሄድበትን መስመር ሳይ ነው፤ ኃይሌ የቆፈረው ቦይ ነው። በለቅሶህ ሰሞን ዝናቡ አላባራ ብሎ ለቀስተኛው ጭቃ ላይ ሲቆም፣ ኃይሌ ሱሪውን ሰብስቦ አካፋ አነሳ። "የወንድሜ ለቀስተኛ ጭቃ ላይ አይቆምም" ብሎ ከአጥሩ እስከ ቤታችን ጥግ ቦይ ቆፈረ። ሰው ሁሉ "ወንድም ማለት እንዲህ ነው" አለ። እኔም እንባዬን እየጠረግኩ እጁን ሳምኩት። በማግስቱ ቦዩን ሲደፍነው ያየሁት እኔው ነኝ፤ የሚደፍነው ሰው እንዳይደናቀፍ መስሎኝ ነበር። ያንን እጅ በከንፈሬ መንካቴን ባሰብኩ ቁጥር አፌን በሳሙና ማጠብ ያምረኛል።

ጠራሁት። በስንጥር ጥርሱን እየጎረጎረ መጣ፤ በሁዳዴ። የቆፈርነውን ጎንበስ ብሎ አየና፣

"ታዲያ የወንድሜ ጉድጓድ አይደለም እንዴ? ለሁለት ሴት ይሄ ሁሉ ምን ያደርግላችኋል?" አለኝ።

ሰውዬው አላፈረም። ይቅርታም አላለም። ስንጥሩን ተፍቶ ሄደ፤ የተፋውም እኛው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ "ልጄ፣ የሽንት ቤት ነገር ሽማግሌ ፊት አይቀርብም። ገመና ነው፣ ሸፍኚው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እኔ አልጋ ሥር ሲቀርብ ግን ማንም አልከለከለውም" አልኳቸው። ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ።

እኔም አልሸፈንኩትም። የሱን ቱቦ ከእኛው ወገን አስቆርጬ አፉን በሲሚንቶ አስደፈንኩት። መድፈኔን አጥር ላይ ቆሜ፣ ጎረቤት እየሰማ ነገርኩት። "አላደረግሽውም" ብሎ ሳቀ። የገበያ ቀን ደረሰ፤ ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ፤ እጣቢው መሄጃ ሲያጣ በኩሽናው ወለል ተመልሶ በተመጋቢው እግር መሃል ፈሰሰ። ሰዉ ጉርሻውን እየጣለ፣ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። ኃይሌ አጥሬ ሥር መጥቶ "እንጀራዬን ዘጋሽው!" ብሎ ጮኸ።

"የራስህን መለስኩልህ እንጂ ካንተ የወሰድኩት ነገር የለም" አልኩት።

አሁን በራሱ ግቢ ጉድጓድ እያስቆፈረ ነው። እኛም የተበላሸውን አፈር አስወጥተን ኖራ አስነሰነስን፣ ቱቦውን በአዲስ ቀየርነው፣ የመኝታ ቤቱን ወለል አስደፈንን። ቤቱ ሽታው ለቆታል ይላሉ። ከኔ አፍንጫ ግን ገና አልወጣም። አንዳንዴ በር ላይ ቆሜ አሸታለሁ፤ ሜሮን "እማዬ፣ የለም እኮ" ትለኛለች። ኃይሌን ሳየው ይመለስብኛል።

አስራቴ፣ በቁምህ ሰው ሁሉ የሚጠየፈውን ሥራ እጅጌህን ሰብስበህ ስትሠራ አፍርብህ ነበር። ከሰው ሁሉ ንጹሑ አንተ ነበርክ። እስክከተልህ ድረስ የማስበው ያንን ነው፤ ለሜሮንም ልጆች፣ እግዜር ከሰጣት፣ አያታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ብዬ እነግራቸዋለሁ።

ሙት ዓመትህ እየደረሰ ነው። ኃይሌ ይመጣል፤ ያንድ እናት ልጅ ናችሁና በር አልዘጋበትም። ይግባ፣ ይብላ፣ ይጠጣ፣ ካለቀሰም ያልቅስልህ። ሽንት ቤት ካስፈለገው ግን አጥሩን ዞሮ ወደ ቤቱ ይሂድ።

ያንተው
አየለች